ቆጣሪ

ጥር ነው። አዳማ አቧራዋን ለብሳ፣
ቆርቆሮ ስትመታ፣ ፌስታል ስታነሳ፣
በታብሌቴ ሆድ ውስጥ ስልሳ ጥያቄ ይዤ፣
ወደ ቦኩ ግርጌ በባጃጅ ተጉዤ።

ከላይ በሸንተረሩ ነጫጮቹ ቆመው፣
በሦስት በሦስት ክንፍ ነፋሱን ሸምተው፣
ሽቦው በላያችን እየዘመረ ያልፋል፤
ለማን እንደሚያደርስ እሱ ራሱ ያውቃል።

ሥሩ አንድ ግቢ ነው፤ ስድስት በር፣ አንድ ቆጣሪ።
ሦስተኛው በር ላይ ከሰል ቸርቻሪ፣
ሶሬቲ ትባላለች፤ ጣቷ እስካንጓው ጠቁሯል፣
በልጇ ደብተር ላይ አሻራዋ ቀርቷል።

«ከመብራት ኃይል ነህ?»
«አይ፣ ከጥናት ነኝ።»
«ምን ልታጠኑ?»
«ንጹሕ ኃይል።»
ቃሉን እንደ ጨው በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው፣
ወዲያ ወዲህ አድርጋ ጉንጯ ውስጥ አቆየችው።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ የማያበስሉት ለምንድን ነው?
ምርጫው አይነበብም፤ ለሰማሁት ነው ኮድ የምሰጠው።
አንድ፣ ዋጋው። ሁለት፣ መቆራረጡ።
ሦስት፣ ልማድ። አራት፣ የወጡ ጣዕም መለወጡ።
አምስት፣ ሌላ፤ ይገለጽ።

«ምድጃስ አለኝ» አለች፣ «አልጋ ሥር ተጠቅልሎ፣
ወንድሜ ከወንጂ የላከው፣ ‹ዓይንሽ ይረፍ› ብሎ።
አከራዬ ግን በር ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ፣
‹የሰካ ይወጣል› አለን፣ ስድስታችንንም ቆጥሮ።
እኔ የተከራየሁት አምፖልና ስልክ ነው፤
ወጥ የሚያበስለው መብራት ሌላ ኪራይ አለው።»

ከዚያ ቀና አለች። «አንተም ቆጣሪ ነህ?»
«አዎ፣ ቆጣሪ ነኝ።»
«ያም ቆጣሪ ነው» አለች፣ የግድግዳውን ሳጥን ጠቁማ፣
«እሱ የፈጀነውን፣ አንተ ያልደረሰንን። ተስማሙ እንግዲያማ!
እኔን ግን…» ብላ ጀመረች፤
ከሰል ገዢ ጠራት፣ ሳትጨርስ ተነሣች።

ኮድ አምስት። «አከራይ ከልክሏት» ብዬ ጻፍኩ።

ቢሮ ስንመለስ፣ ከኃይሉ በፊት የጸዳው መረጃው ሆነ።
«ሌላ» ከመቶ አራት ስለነበር፣ ለብቻው ስላልተመዘነ፣
ከጎረቤቱ አምድ ጋር ተደምሮ ታጠፈ።
በአንድ ከሰዓት በኋላ
ሶሬቲ ልማድ ሆነች።

አውደ ጥናቱ እዚሁ ከተማ፣ ሆቴል አዳራሽ ነበር፤
የታሸገ ውሃ፣ ባነር፣ የክቡራን ወንበር።
አሥራ ሰባተኛው ስላይድ ላይ፣ «የልማድ ተጽዕኖ» በሚለው፣
መብራት ሄደ።
ሳቅ ሆነ። ጄኔሬተሩ ከጓሮ አጓራ፣
ናፍጣ ሸተተን፣ ከንጹሕ ኃይል ጋራ።

በሻይ ሰዓት ዶክተር ኦብሴን ጥግ ይዤ ነገርኳት።
ሰው ሲያርማት ትቆጣለች ብዬ ነበር የፈራኋት።
ሳምቡሳዋን አስቀምጣ «ስንት ናቸው?» አለችኝ።
«በእኔ ዝርዝር ብቻ፣ አሥራ ዘጠኝ።»
መዳፏ ላይ ጻፈችው፤ ወረቀት አጥታ መሰለኝ።

ነሐሴ። ሁለተኛው ዙር። ጎርፉ ከተራራው ወርዶ፣
መንገዱን ግማሽ በልቶ፣ ግማሹን ደልድሎ ሄዶ።
ታብሌቱ ላይ አዲስ መስመር አለ፦ ስድስት፣ አከራይ ይከለክላል።
ስጦታ እንደያዘ ሰው ሦስተኛውን በር አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ አከራዩ ነው፤ ጋሽ ድሪብሳ፣
የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ፣ በእጁ የኖራ ብሩሽ።
«ሄዳለች» አለ። «ሞጆ ይሁን መቂ፣ አልነገረችኝም።»
ከዚያ በብሩሹ ጫፍ ወደ ጣሪያው አሳየኝ፦
ከቆጣሪው ወደ ስድስቱ በር የሚሄድ ቀጭን ሽቦ፣
አንድ ቦታ ላይ ቀልጦ፣ ቆርቆሮውን አጥቁሮ።
«አንዲት ምድጃ ናት ይሄን ያደረገች። ስድስት ብትሰካስ?
ወፍራም ሽቦ ጠይቄ ነበር፤ ተራ ጠብቅ አሉኝ፤ ይኸው ሁለት ዓመት።»

ስድስትን ነካሁ፤ መልሼ ተውኩት።
ሰባት የለም።

ግድግዳው ላይ ኖራው ገና አልደረቀም፤
የሶሬቲ አምስት ጣት ከሥሩ ወጥቶ ይታያል።
ጋሽ ድሪብሳ ደግሞ ቀባው።

ቀና አልኩ። ነጫጮቹ ደመና ውስጥ ይቆጥራሉ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
አራትን አያውቁም።